ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው ፓውዛ፦ ሶላር ከመግዛትሽ በፊት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ 18 ክፍል ማረፊያና ምግብ ቤት አለን። ግቢው እስከ ሐይቁ ይዘልቃል፤ ጀልባ ማቆሚያም አለን። አትክልት ቦታው ላይ 10 ባለ 500 ዋት የድሮ ፓውዛ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ደግሞ ምሰሶ ላይ የተሰቀሉ 6 ባለ 400 ዋት ሜታል ሃላይድ የሚባሉ ትልልቅ አምፖሎች አሉ። ሁሉም ከምሽት እስከ ንጋት ይበራሉ። ቢሉ አላስቀምጥ አለን። አንድ ነጋዴ ባለ 300 ዋት ሶላር ፓውዛ 16 ፍሬ ሊያመጣልኝ ነው፤ ከዚህ በኋላ ለውጭ መብራት ሳንቲም አትከፍይም ብሎኛል። ኤልኢዲ እንዳላደርግ ትንኝ ይጠራል ይላሉ። መብራት እንዳልቀንስ ሌባ እፈራለሁ። ወይስ ህዳሴም ስለተመረቀ ታሪፉ እስኪወርድ ልጠብቅ?»

ሶላሩን አትግዢ። ለጀልባ ማቆሚያው ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ወደዚያ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሳንቲም ሳታወጪ ዛሬ ማታ የምታደርጊው ነገር አለ። አሥሩን የአትክልት ፓውዛ የመጨረሻው እንግዳ ከወንበሩ ሲነሳ አጥፊያቸው።

ቀልድ አይደለም፣ ሒሳቡን አብረን እንየው። አሥር ፓውዛ በ500 ዋት 5,000 ዋት ነው። ስድስቱ ሜታል ሃላይዶች ላያቸው ላይ 400 ይበል እንጂ የአምፖሉን ኃይል የሚቆጣጠረው ባላስትም የራሱን ስለሚበላ እያንዳንዳቸው 435 ዋት ገደማ ይወስዳሉ፤ በድምሩ 2,600 ያህል። ግቢሽ ሲመሽ 7.6 ኪሎ ዋት ይጎትታል ማለት ነው። በ12 ሰዓት 91 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር ከ2,700 በላይ። አሁን ፓውዛዎቹን ብቻ ከምሽቱ 5:30 ላይ አጥፊና ድጋሚ አስቢው። 5 ኪሎ ዋት ለ7 ሰዓት ቀረ፤ 35 ኪሎ ዋት ሰዓት በአንድ ሌሊት፣ በወር 1,050። ምንም አልገዛሽም። ነጋዴውም አልመጣም። ይሄን ሳያደርጉ ሶላር መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ይሄ ቁጥር ግን ከነገርሽኝ ተነስቼ የሠራሁት ነው፤ እውነቱ ያለው ቆጣሪሽ ላይ ነው። አንድ ማታ ሁሉንም የውጭ መብራት እንደ ወትሮው አብርተሽ፣ ምግብ ቤቱ ሲዘጋ ቆጣሪውን አንብቢና ጻፊ። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ድጋሚ አንብቢ። በማግስቱ ማታ የውጭ መብራቶቹን ብሬከር አውርደሽ እንዲሁ አድርጊ። የሁለቱ ሌሊቶች ልዩነት የውጭ መብራትሽ ነው። ይሄን የምልሽ በምክንያት ነው። «መብራቱ ገደለኝ» የሚሉኝ ሰዎች ግቢ ሄጄ ስለካ የክፍሎቹ የውኃ ማሞቂያ ወይም ጎማው የላላ የድሮ ፍሪጅ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። 18 ክፍል ካለሽ 18 ማሞቂያ ሊኖርሽ ይችላል። እሱን በሌላ ቀን እናወራለን፤ ለጊዜው ግን የሌሊቱን ንባብ ሳትይዢ ገበያ አትውጪ።

ታሪፍ ስለመጠበቅ፦ አትጠብቂ። ግድቡ ጳጉሜን 2017 ተመርቋል፤ ታሪፉ ግን ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ እንዲሄድ ተደርጎ ነው የወጣው። ማመንጫው ሌላ፣ ቆጣሪሽ ላይ የሚመጣው ዋጋ ሌላ። ስለዚህ ዛሬ የምትቆጥቢው አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከርሞ የበለጠ ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ሶላሩ። ካርቶኑ ላይ «300 ዋት» የሚለውን እርሺውና ሜትር ይዘሽ ፓነሉን ለኪ። እነዚህ ፓነልና መብራታቸው አንድ ላይ የሚሸጡት ብዙዎቹ ፓነላቸው 30 በ35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ ጥሩ የቀትር ፀሐይ 1,000 ዋት ያህል ታወርዳለች፤ ጥሩ ፓነል ከዚያ 20 በመቶውን ይይዛል። ያቺ ትንሽ ፓነል ስለዚህ በቀትር 20 ዋት ገደማ ናት። በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብንሰጣት 100 ዋት ሰዓት፤ ባትሪው፣ ሙቀቱና አቧራው ሲቀነስ 70 ቢቀር ነው። 70ን ለ12 ሰዓት ሌሊት አካፍዪው። ስድስት ዋት! ባለ 300 ዋቱ ፓውዛሽ ሌሊቱን ሙሉ የሚሰጥሽ ከድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል የማይበልጥ ብርሃን ነው። ማታ ስታበሪው ዓይን የሚያጠፋ ይመስላል፣ እውነት ነው፤ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ተነሥተሽ እዪው።

ያውም በበጋ። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ጣና ላይ ሲተኛ ፓነሉ አንዳንድ ቀን ግማሹንም አያገኝም። የሐይቅ ዳር ግቢ ደግሞ ዛፍ አያጣም። ዋርካው፣ ዘንባባው፣ ማንጎው ለእንግዳ ደስ ይላል፤ ለፓነል ግን የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ ከሚሸፍነው በላይ ነው የሚጎዳው፣ ሴሎቹ በተከታታይ ስለተያያዙ አንዱ ሲታፈን ሌሎቹንም ይይዛል። ወፎቹ የሚጥሉበትንስ ማን ይወለውላል? መሰላል የሚወጣ ሰው መድበሽ ከሆነ እሺ።

ወደ ኤልኢዲ እንምጣ። የድሮው ባለ 500 ዋት ፓውዛ፣ ውስጡ እንደ እርሳስ ቀጭን የሆነ የመስታወት ዘንግ ያለው፣ ሃሎጅን ነው። ከ9,000 እስከ 10,000 ሉመን (አምፖሉ የሚያወጣው ብርሃን መለኪያ) ይሰጣል፣ በዋት 20 ያህል። የቀረው ሙቀት ነው፤ እንዲያውም ማሞቂያ ነው ቢባል ይቀላል፣ ብርሃኑ ትርፍ ነው። ደህና ኤልኢዲ ከ100 እስከ 130 ሉመን በዋት ይሰጣል። በብርሃን እኩል ይሁን ከተባለ ባለ 500ው በ100 ዋት፣ ባለ 400ው ሜታል ሃላይድ በ150 ዋት ይተካል። ግቢሽ ከ7.6 ወደ 1.9 ኪሎ ዋት ይወርዳል፤ 91 የነበረው የሌሊት ፍጆታ 23 ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ደስ ብሎት።

እኔ ግን አትክልት ቦታ ላይ 100 ዋት አልሰጥሽም። ለምን? እዚያ እኮ ሰው እራት ይበላል፣ ይጫወታል፣ ሐይቁን ያያል። መርፌ ላይ ክር አያስገባም። መጀመሪያም 500 ዋት የተሰቀለው ስሌት ተሠርቶ አይደለም፤ ሱቁ የነበረው እሱ ስለሆነ ነው። በአውሮፓ የውጭ መብራት ደረጃ መሠረት ጥቂት መኪና ለሚገባበት ማቆሚያ 5 ሉክስ (መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ)፣ መካከለኛ ለሆነ 10 ሉክስ በአማካይ ይበቃል። ሙሉ ጨረቃ ከግማሽ ሉክስ በታች ናት፤ በእሷም እንሄድባታለን። የአንቺ ግቢ ከፓውዛዎቹ ሥር ሲለካ የዚህን ብዙ እጥፍ እንደሚሆን፣ አሥር ሜትር አለፍ ሲሉ ደግሞ ጨለማ እንደሚሆን ሳላየው እገምታለሁ። ችግሩ ብርሃን ማነሱ አይደለም፣ ተከምሮ መቀመጡ ነው።

ስለዚህ የአትክልቱን አሥር በ30 ዋት፣ የማቆሚያውን ስድስት በ100 ዋት ቀይሪ። ድምሩ 900 ዋት። የአትክልቱ ከምሽቱ 12:30 እስከ 5:30 ይብራ፤ የማቆሚያው እስከ 5:30 ሙሉ ሆኖ ከዚያ እስከ ንጋት ወደ 30 በመቶ ይውረድ፣ ሰው ወይም መኪና ሲመጣ ብቻ ሙሉ ይሁን። ሒሳቡ በሌሊት 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይመጣል። ከ91 ወደ 6። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሠራው አዲሱ ዕቃ ነው፣ ግን ከ23 ወደ 6 ያወረደው ሰዓቱና ልኩ ነው፤ እሱን የሚሸጥልሽ ሱቅ የለም።

ሌባውን አልረሳሁትም። ከልምድ የምነግርሽ፣ በጣም ደማቅ ፓውዛ ሌባን ከሚያጋልጠው ይልቅ ጥበቃውን ያሳውራል። የጥበቃ ቤትሽ በር ላይ ቆመሽ ወደ አጥሩ ተመልከቺ። ፓውዛው ዓይንሽ ውስጥ ከገባ ከአጥሩ ሥር ምንም አይታይሽም። ዓይን ከደማቅ ብርሃን ወጥቶ ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ጥበቃው ጋሽዬ ደግሞ በየአምስት ደቂቃው ከፓውዛው ሥር እየወጡ ነው የሚዞሩት። ከግንድ ጀርባ ያለው ጥላም የሚጠቁረው ብርሃኑ በደመቀ ቁጥር ነው። ካሜራ ካለሽም ያው ነው፤ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር ምስል ይሰጥሻል። እንዲያውም ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደብዘዝ ብሎ የነበረ ማቆሚያ በድንገት ቦግ ሲል ጥበቃው ቀና ይላል፣ ገባ ያለውም ሰው ይደነግጣል። ሁሌ እኩል የሚበራ መብራት ግን ለማንም ምንም አይነግርም።

ስለዚህ ፓውዛ አጋድሞ መስቀል ይቅር። ብርሃኑ ወደ መሬት ብቻ ይውረድ፣ መስታወቱ ከምድር ጋር ትይዩ ይሁን። ለማቆሚያው 5 ወይም 6 ሜትር ምሰሶ ይበቃል። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ እንደሚወርድ አትርሺ፤ 10 ሜትር ላይ ሰቅሎ ዋት መጨመር ገንዘብ ወደ ሰማይ መርጨት ነው። በተለይ ወደ ሐይቁ የዞሩትን ዛሬውኑ አዙሪያቸው። ውኃን ማብራት ምን ይጠቅማል? እንግዳው የመጣው ጣናን ሊያይ ነው፤ ፓውዛ ፊቱ ላይ ሲበራ የሚያየው ጥቁር ግድግዳ ነው። ጣና ደግሞ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው፤ ደንገሉ ውስጥ የሚያድሩት ወፎች፣ በበጋ ከሩቅ አገር የሚመጡትም ጭምር፣ ሌሊታቸው ጨለማ ቢሆን ይመርጣሉ።

ትንኝ። «ኤልኢዲ ትንኝ ይጠራል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የሌሊት ነፍሳት ዓይናቸው ለሰማያዊና ከዚያም ባለፈ እኛ ለማናየው አልትራቫዮሌት ብርሃን ስስ ነው። ነጭ ሰማያዊ የሚመስለው ባለ 6500 ኬልቪን (ኬልቪን የብርሃን ቀለም ልክ ነው) ኤልኢዲ ሰማያዊ ስለሚበዛው ይጠራል። አሁን ምሰሶ ላይ ያሉት ሜታል ሃላይዶችሽ ግን አልትራቫዮሌትም ስለሚያወጡ ይብሳሉ። የሐይቁ ትንኝ እንደ ጭስ የሚነሣበት ማታ እነሱ ሥር ቆመሽ ብታዪው ማስረዳት አያስፈልገኝም። መፍትሔው ቀለሙ ነው። 2700 ኬልቪን፣ ቢበዛ 3000፤ ቢጫ ቀላ የሚለው፣ የሻማ ቤተሰብ። የሚመጣው ነፍሳት ይቀንሳል፤ ጨርሶ አይጠፋም፣ እንዳልዋሽሽ። ጠረጴዛ አናት ላይ ደግሞ መብራት አትስቀዪ፤ ዝቅ አድርገሽ ከቁጥቋጦው ጎን አድርጊው፣ የሚወድቀው ሾርባ ውስጥ እንዳይሆን። ገበያው ላይ ነጩ ይበዛል፣ ሻጩም «ነጩ ይደምቃል» ይልሻል። በትንሹ እውነቱን ነው፣ ሉመኑ ጥቂት ይበልጣል። አትስሚው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ የወባ ትንኝ ሰውን የምታገኘው በትንፋሹና በጠረኑ ነው፣ ስለዚህ መብራት ስለቀየርሽ የክፍሎቹን አጎበር እንዳታወርጂ።

ዕቃው ሲገዛ ዋት ሳይሆን ሉመን ጠይቂ። «100 ዋት» ተብሎ 40 የሚጎትት ሞልቷል። አንድ ፍሬ ብቻ ግዢ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛሽ በክላምፕ ሜትር አምፔሩን ይለካ። 100 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት ከግማሽ አምፔር ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፤ 0.2 ካነበበ መልሰሽ ውሰጂው። በእጅሽም መዝኚው፤ ጀርባው ወፍራም አሉሚኒየም ያልሆነ ፓውዛ ሙቀቱን የሚያወጣበት የለውም፣ ቺፑ ይቃጠላል። የስልክሽን ካሜራ ደቅኚበት፤ ምስሉ ላይ መስመር መስመር እያለ የሚርገበገብ ከሆነ ውስጡ ርካሽ ነው። ድራይቨሩ፣ ማለትም ለኤልኢዲው ኃይል አስተካክሎ የሚሰጠው ክፍል፣ ለብቻው ተፈትቶ የሚቀየር ይሁን። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ኤልኢዲው ሳይሆን እሱ ነው፤ ቺፑ ላይ አንድ ላይ የተለጠፈ ከሆነ ሙሉ ዕቃውን ነው የምትጥዪው። ውኃና አቧራ እንደማያስገባ የሚገልጸው አይፒ 65 ወይም 66 የሚል ይኑረው። ከዚያም ሁለት ሳምንት አብርተሽ፣ ቢቻል ዝናብ አይቶ፣ ከዚያ ቀሪውን። የድሮውን ሜታል ሃላይድ ቤት ይዞ ውስጡን ብቻ በበቆሎ መሳይ ኤልኢዲ መተካትም አለ፤ ዝግ ቤት ውስጥ ታፍኖ ቶሎ ስለሚሄድ አልወደውም። የወጡትን አምፖሎች ደግሞ ልጆች እንዳይሰብሯቸው፣ ውስጣቸው ሜርኩሪ አለ።

«ኤልኢዲ እኛ አገር አይበረክትም» የሚሉ አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ኤልኢዲው አይደለም ጥፋተኛው፣ መስመሩ ነው። ኃይል ጠፍቶ ሲመለስ ይዘላል። ከዚያ የከፋው ኒውትራል የሚባለው መመለሻ ሽቦ ሲላላ ነው፤ ያኔ 220 የነበረው ቮልቴጅ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፣ ድራይቨር ቀርቶ ቴሌቪዥንም አይተርፍም። የብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ነገር አስገቢ። አንዱ ቮልቴጅ ከልክ ሲወጣ ቆርጦ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚመልስ መቆጣጠሪያ፣ ሌላው የመብረቅ ግፊትን ወደ መሬት የሚያወርድ መከላከያ። የክረምት መብረቅ ሐይቁ ላይ እንዴት እንደሚጫወት የባሕር ዳር ሰው ታውቂዋለሽ። መከላከያው ግን የመሬት መስመር፣ ኧርዝ የምንለው፣ ከሌለ ጌጥ ነው። እና ከሁሉም በላይ፣ እርጥብ ሣር ላይ በባዶ እግር ሰው የሚሄድበት ግቢ ስለሆነ፣ 30 ሚሊ አምፔር ሲፈስ የሚቆርጠው አርሲዲ የሚባለው ብሬከር የግድ ነው። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ አፈር ውስጥ ካለሽ ብሬከሩ በመጀመሪያው ዝናብ ያሳይሻል። ሠራተኛው «እየቆረጠ አስቸገረን» ብሎ ሊያወጣው ሲል አትፍቀጂለት፤ ሥራውን ነው የሠራው።

ማብሪያና ማጥፊያው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በጥበቃ እጅ ማብራት ይሠራል፣ ግን ጥበቃ ያንቀላፋል፣ ያው ሰው ነው። ተራ ባለ ጥርስ ታይመር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል፤ ሦስት ሰዓት ከጠፋ መብራትሽ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ይበራል፣ ጠዋትም ፀሐይ ላይ ሲበራ ያረፍዳል። ባትሪ ያለው ዲጂታል ግዢ። በኛ ኬክሮስ የሌሊቱ ርዝመት ብዙ አይለዋወጥም፣ ግን ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት በኅዳር መጀመሪያ 12 ሰዓት ገደማ፣ በሐምሌ መጀመሪያ 1 ሰዓት ገደማ ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ልዩነት። የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ለባሕር ዳር 11.6 ሰሜን እና 37.4 ምሥራቅ፣ ሲሞሉለት ራሱ እያሰላ የሚያበራ ታይመር አለ። እሱ ከተገኘ ምርጥ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ፦ ሠራተኛው «12:00 ላይ ይብራ» ብሎ ሞላው። መሣሪያው የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ቀን ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ግቢው ቦግ አለ። ለሁለት ሳምንት ማንም አላስተዋለም፣ ቀን ማን ወደ ፓውዛ ያያል።

ሲመሽ አብርቶ ሲነጋ የሚያጠፋው ፎቶሴልም ጥሩ ነው፣ ርካሽ ነው። ሆኖም ራሱ የሚያበራው መብራት ፊት ለፊት ከተሰቀለ ማታ ብልጭ ድርግም ሲል ያድራል። ሲበላሽ ደግሞ ብዙዎቹ በርቶ እንዲቀር ነው የተሠሩት። ቀን ሲበራ የሚውል መብራት ካየሽ ፎቶሴሉ ሞቷል ማለት ነው፤ ፍጆታውም እጥፍ ሆኗል። ለአንቺ የምለው ይህን ነው፦ ፎቶሴል ያብራ፣ ታይመር ያጥፋ። ሁለቱም ኮንታክተር በሚባለው ትልቅ ጭነት የሚችል ማብሪያ በኩል ይሁኑ እንጂ ጭነቱን በቀጥታ አይሸከሙ። ኤልኢዲ ሲበራ ለቅጽበት የሚጎትተው ኃይል ብዙ ስለሆነ ውስጣቸው ያለችውን ትንሽ ማብሪያ፣ ሪሌ የምትባለውን፣ ያጣብቃታል፣ ከዚያ አትጠፋም።

የእንቅስቃሴ ሴንሰሩን ለማቆሚያውና ለመተላለፊያው ብቻ። የሰውነት ሙቀት የሚያየው ዓይነት ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላይ በደንብ ይሠራል፤ 6 ሜትር ላይ ሰቅለሽው እንዲሠራ አትጠብቂ። ምሰሶው ላይ ዝቅ ተደርጎ ለብቻው ይታሰር። የሚወዛወዝ ቅርንጫፍ ፊት አይሁን፤ ሸረሪት ድር ስትሠራበትም ይታወራል፣ በወር አንዴ ጨርቅ። ማይክሮዌቭ የሚባለው ሴንሰር ከፍ ብሎም ይሠራል፣ ግን የክረምቱን ዶፍ ሰው መስሎት ሌሊቱን ያበራዋል።

መብራት ሲጠፋስ? አሁን ያሉት ሜታል ሃላይዶች ለሰከንድ ቢቆረጥባቸው እንኳ እስኪቀዘቅዙ መልሰው አይነሡም፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጨለማ ነው። ኤልኢዲ ወዲያው ይመለሳል። ሌላም አለ፤ ጄኔሬተርሽ እስካሁን 7.6 ኪሎ ዋት ለውጭ መብራት ብቻ ሲሸከም ነበር። አሁን መግቢያውን፣ ደረጃውንና መተላለፊያውን፣ 200 ዋት በማይሞላ፣ ለብቻ መስመር ለይተሽ በኢንቨርተር ብታደርጊው 12.8 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ አንድ ሊቲየም ባትሪ አራት ሰዓት በደንብ ይይዘዋል። ናፍጣ ሳይነሣ።

እና ሶላሩ። ጀልባ ማቆሚያው ከሕንፃው ሩቅ ከሆነ ቦይ ቆፍሮ፣ ኬብል ገዝቶ ውኃ ዳር ድረስ 220 ቮልት መውሰድ ውድም አስጊም ነው። እዚያ ሶላር ይግባ፣ ግን ፓነሉና ባትሪው ተለይተው የሚገዙት ዓይነት። ሁለት ባለ 10 ዋት ሞቅ ያለ ቀለም ያላቸው መብራቶች፣ 100 ዋት ፓነል፣ 12.8 ቮልት 50 አምፔር ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ። ይሄ ደመና ባለበትም ሁለት ሌሊት ይይዛል። ፓነሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ይጋደል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ ቀትር ላይ በሰሜናችን በኩል ስለምታልፍ ብዙ ማጋደል ይጎዳል፤ ጭራሽ ጠፍጣፋ ማድረግም ዝናቡ እንዳያጥበው ያደርጋል። እዚህ ቦታ ላይ ግን ጨርሶ አታጥፊ። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፤ ወደ ዓባይ መውጫው ከቀረብሽ ይሄን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። እንግዳ በጨለማ ደረጃው ላይ ከሱ ጋር እንዳይገናኝ ደብዘዝ ያለ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ይቆይ።

ወጪው በስንት ጊዜ ይመለሳል ብለሽ ብትጠይቂ ቀመሩ ቀላል ነው። የዕቃውንና የሠራተኛውን ዋጋ ደምሪ፤ በወር የምትቆጥቢውን ኪሎ ዋት ሰዓት ቢልሽ ላይ ባለው የአንዱ ዋጋ አባዢ፤ መጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍዪ። ስታሰዪ ግን 91ን መነሻ አታድርጊ። ዛሬ ማታ ፓውዛዎቹን ማጥፋት ስትጀምሪ መነሻሽ 56 ይሆናል፣ ዕቃው የሚያመጣው ከ56 ወደ 6 ያለውን ነው። ነጋዴ ሲያሰላልሽ ሁሌ ከትልቁ ቁጥር ነው የሚነሣው። ገንዘቡ አንድ ላይ ካልተገኘ መኪና ማቆሚያውን አስቀድሚ፤ ፓውዛዎቹ ከ5:30 በኋላ ስለሚጠፉ መታገሥ ይችላሉ፣ ሜታል ሃላይዶቹ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚበሉት እነሱ ናቸው። የሁለቱን ሌሊቶች የቆጣሪ ንባብና የማቆሚያውን ስፋት በሜትር ላኪልኝ፣ ስድስቱ ምሰሶ ወደ አራት ሊወርድ ይችል እንደሆነ እነግርሻለሁ።